ቤቱን የሚያውቀው ዘጋቢ

በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች የመኖሪያ ቤት ዕጦታቸውን፣ ዛሬ ነገ ተባረርን የሚለውን ስጋታቸውንና የሚያፈስ ጣራቸውን ከሩቅ የተላከ ጸሐፊ ሳይሆን ከመካከላቸው የወጣ ጋዜጠኛ እንዲዘግበው፣ ለዚያ ጋዜጠኛ የሥራ ገንዘብ የመስጠት ልማድ አለ። ሥርዓቱ ረቂቅ አይደለም፤ ገንዘብ ያለው ይሰጣል፣ ቤቱን የሚያውቀው ይጽፋል። ባርባራ ኤረንራይክ የተባሉት አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ያቋቋሙት ድርጅትም ድህነትን በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሯቸው ለተማሩ ጸሐፊዎች እየከፈለ ስለ ድህነት ያጽፋል። ስለ መሠረቱ ከዚህ በላይ ማተት አንባቢን ማሰልቸት ነው። እኔ ይህን ሙያ ላስተዋውቅ የተነሣሁት ግን ከአሜሪካ ሳይሆን ከሮማ ከተማ፣ ቴርሚኒ ከተባለው የባቡር ጣቢያ በስተሰሜን ምሥራቅ ከተዘረጋው ከካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ተነሥቼ ነው፤ ምክንያቱም የእኛው ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ ቤት አግኝተው ቤት ያጡት በዚያ ሰፈር ስለሆነና የዚህ ሙያ ዋጋ ለእኔ የተገለጠልኝ በዚያ ስለሆነ ነው። ስደተኛ ነባር ሕዝብ አይደለም የሚለኝ ቢኖር እውነቱን ነው፤ ዳሩ ግን ሌላው ስለ እነርሱ ሲጽፍ የሚነበቡ፣ እነርሱ ስለ ራሳቸው ሲጽፉ ግን የማይነበቡ ሕዝቦች በመሆን ሁለቱ አንድ ናቸው።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጢባርዮስ ቄሣር ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ23 ገደማ፣ ሴያኖስ የተባለው አለቃ የንጉሠ ነገሥቱን ዘበኞች ካሰፈረበት ቅጥር ነው፤ የቅጥሩ ግንብ ከፊሉ ዛሬም ቆሟል፣ በውስጡም ከ1975 ጀምሮ የጣሊያን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። (ዓመተ ምሕረት ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ራስ አሉላ በ1887 በዶጋሊ ድል ባደረጓቸው አምስት መቶ ጣሊያናውያን ስም ይጠራል፤ ዘርዓይ ደረስም በ1938 ከኢትዮጵያ የተወሰደውን የይሁዳ አንበሳ አይቶ በቁጣ ሰይፉን የመዘዘው ከዚያው ብዙ በማይርቀው በዶጋሊ ሐውልት ሥር ነው። የታሪኩን ነገር እዚህ ላይ እተወዋለሁ፤ የሀገራችን ጸሐፊ ሮማን ባነሣ ቁጥር ከዘርዓይ ደረስ አልፎ ወደ ዛሬው ሰው ለመምጣት ብዙ ጊዜ ጉልበት ያጥረዋልና።

በሰፈሩ መካከል ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ የተባለው አደባባይ አለ። ባንድ ወገኑ የጣሊያን ዳኞች ላዕላይ ጉባኤ መንበር ይገኛል፤ በሌላው ወገኑ ኮሪዬሬ ዴሎ ስፖርት የተባለው ጋዜጣ ቤት አለ፤ ላ ሬፑብሊካ የተባለውም ታላቅ ጋዜጣ በ1976 የተወለደው በዚሁ አደባባይ ነው። እንግዲህ ፍርድና ጋዜጣ ጎረቤት ሆነው በተቀመጡበት በዚህ ስፍራ፣ ኩርታቶኔ በሚባለው ጎዳና ማዕዘን ላይ፣ ባዶውን የቆመ ትልቅ የመሥሪያ ቤት ሕንጻ ነበር። በ2006 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት መባቻ፣ ይኸውም በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ 368 ነፍሳት ከሰጠሙ አሥር ቀን እንኳ ሳይሞላ፣ መጠጊያ ያጡ ስደተኞች ገብተው ያዙት። አብዛኞቹ የጥገኝነት ወረቀታቸውን በሕግ የተቀበሉ፣ መንግሥት ወረቀቱን ሰጥቶ ጣራውን የነፈጋቸው ሰዎች ነበሩ። ወደ አራት ዓመት ገደማ ኖሩበት፤ ልጆቻቸው ከዚያ እየወጡ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተማሩ። ነሐሴ 13 ቀን 2009 ዓመተ ምሕረት ጎሕ ሲቀድ ፖሊስ መጥቶ ወደ 800 የሚጠጋውን ነዋሪ አስወጣ፤ ማደሪያ ያጡት በአደባባዩ ሣር ላይ ሰነበቱ፤ በ18ኛውም ቀን ማለዳ በውሃ መድፍ ተበተኑ።

ዓለም ያየው ውሃውንና አንድ ፖሊስ የምታለቅስ ሴት ጉንጭ ሲዳብስ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር መሆኑን፣ የተባረሩት ብዙዎቹ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ የነበሩ መሆናቸውን፣ የፍልሰታም በዓል በ16ኛው ቀን ሜዳ ላይ ሳሉ እንደ ዋለ ማን ጻፈው? ይህ ለጌጥ የሚነገር አይደለም። ለጋሽ ምን ምግብ ይዞ እንደሚመጣና ጿሚው ምን እንደማይቀበል፣ በሌሊት የሚሰማው ድምፅ የጩኸት ይሁን የጸሎት የሚለየው ይህን የሚያውቅ ሰው ነው። ቤቱን የሚያውቅ ዘጋቢ ስል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ እርሱም ሬዚደንሳ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ የጽሕፈት ቤት ስለሆነ ገጹን እንዳትገለብጥብኝ፤ በሮማ የአበሻ የቤት ችግር ሁሉ ምሥጢሩ በዚህች ወረቀት ተጠቅልሎ ይገኛልና። ብዙ ሰው ቤት የሌለው ማለት ጣራ የሌለው ማለት ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በጣሊያን አገር ጣራ ኖሮትም ሬዚደንሳ የሌለው ሰው አለ፤ ሬዚደንሳ ኖሮትም ጣራ የሌለው ሰው አለ፤ ከሁለቱ ማንኛው የባሰ እንደሆነ የሚያውቀው የኖረበት ብቻ ነው።

ሬዚደንሳ በኮሙኔው፣ ማለትም በከተማው አስተዳደር፣ የነዋሪዎች መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። በ1954 የወጣው ሕግ ቁጥር 1228 እንዲህ መጻፍን መብትም ግዴታም አድርጎ ደነገገው፤ ቤት የሌለውም ሰው ቢሆን ባለበት ከተማ ይጻፍ አለ። በዚህች መዝገብ የተጻፈ ሰው የመታወቂያ ካርድ ያወጣል፣ የቤተሰብ ሐኪም ይመደብለታል፣ ልጁን መዋያ ያስገባል፣ የኮሙኔ ቤት ለማግኘት ተራ ይይዛል፤ ሶጆርኖ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ ኩዌስቱራ ወደሚባለው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሲሄድም የት ነው የምትኖረው ተብሎ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ፤ በ1992 የወጣው የዜግነት ሕግ ቁጥር 91 ስደተኛነቱ የታወቀለት ሰው አምስት ዓመት፣ ሌላው ከአውሮፓ ማኅበር ውጭ የመጣ ሰው አሥር ዓመት በሕግ ሲኖር ዜግነት እንዲለምን ይፈቅዳል፤ ዓመታቱ የሚቆጠሩት ግን በመዝገቡ ሳይቋረጥ ሲኖር ነው። ከቤት ወጥቶ ከመዝገብ የተፋቀ ሰው ክሩ እንደ ተበጠሰ መቁጠሪያ ነው፤ ፍሬው ሁሉ በእጁ ሳለ ከአንድ ይጀምራል።

ቪጂሊ የሚባሉት የከተማው ጠባቂዎች በር ያንኳኳሉ፤ ስምህን በደወሉ ላይ ያያሉ፤ ካላገኙህ መዝገቡ ይሰረዛል። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀን ተኝቶ ደወሉን ሳይሰማ ሬዚደንሳውን ሊያጣ ይችላል።

ከዚያም 2014 መጣ። በወቅቱ የመሠረተ ልማት ሚኒስትር በነበሩት በማውሪሲዮ ሉፒ ስም የሚጠራው ድንጋጌ ቁጥር 47፣ በአምስተኛው አንቀጹ፣ ቤት ያለ ፈቃድ የያዘ ሰው በዚያ ቤት ሬዚደንሳ እንዳይጠይቅ፣ ውሃና መብራትም እንዳይገባለት ከለከለ። የሕጉ አሳብ ያለ ፈቃድ መያዝን ማስተው ነበር። በተግባር ያደረገው ግን ባዶ ሕንጻ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ከሕንጻው ሳያስወጣ ከመዝገብ ማስወጣት ነው። እንግዲህ በኩርታቶኔ ጎዳና ስለተፈጸመው ነገር የሚጽፍ ሰው ከውሃው መድፍ ሳይሆን ከዚህ አንቀጽ ቢጀምር፣ ነሐሴ 13 ከሦስት ዓመት በፊት እንደ ተጀመረ ለአንባቢው ማሳየት ይችል ነበር። ከ2017 ወዲህ ሕጉ በመጠኑ ላልቶ፣ ከንቲባ ለሕፃናትና ለችግረኞች ሲል ከአንቀጹ ውጭ ሊመዘግብ እንደሚችል ተጨምሮበታል፤ በሮማም ከንቲባው ሮቤርቶ ጓልቲዬሪ በ2022 መጨረሻ ይህን በር የሚከፍት መመሪያ አውጥተዋል።

ቤት ለሌለው ሰው ኮሙኔው የሚሰጠው አድራሻ ደግሞ አለ፤ ቪያ ሞዴስታ ቫሌንቲ ይባላል። ይህ ጎዳና በሮማ ካርታ የለም፤ ድንጋይ የለውም፣ መብራት የለውም፣ በየወረዳው ቁጥር ብቻ አለው። ሞዴስታ ቫሌንቲ ግን ሰው ነበረች፤ በቴርሚኒ ጣቢያ የምታድር የ71 ዓመት አሮጊት። ጃንዋሪ 31 ቀን 1983 ታመመች፤ የመጣው አምቡላንስ ቅማል አለባት ብሎ አልጭንም አለ፤ ሰዓታት ሲያልፉ እዚያው ሞተች። የሳንቴጂዲዮ ማኅበር በየዓመቱ መታሰቢያዋን ያደርጋል፤ ከተማዋም ኋላ የቤት አልባዎችን ጎዳና በስሟ ጠራችው። አንድ የከተማ ጽሕፈት ቤት ያደረገው ይህን ያህል ቅኔ ያለበት ነገር እኔ ሌላ አላውቅም፤ ያደረገው ሰው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን እንጃ።

በቴርሚኒ አጠገብ ካለ አንድ የአበሻ ቡና ቤት የማውቃቸው እናት ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምላቸው። አንድ ቀን መታወቂያቸውን ከቦርሳ አውጥተው ከፊቴ አኖሩና፦

«ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ ይህ መንገድ የት ነው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ መንገዱ የለም እኮ» አልኋቸው።

«የለም? እሰይ! ጠፍቶብኝ ነበር፤ ለካስ ያልተሠራ ነው» ብለው ሣቁና፣ ቀጥለው ነገሩን እንደ ሕግ ዐዋቂ ያብራሩልኝ ጀመር፤ በዚያ አድራሻ የኮሙኔ ማኅተም ያለው ደብዳቤ እንዴት እንደሚጠፋ፣ አንዳንድ ቀጣሪ አድራሻውን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ፣ በየትኛው መስኮት ያለችው ጸሐፊ እንደምታዝንና የትኛዋ እንደምትቆጣ፣ በምን ቀን መሄድ እንደሚሻል። እኔ ድንጋጌዎቹን አንብቤአለሁ፤ እርሳቸው ግን ድንጋጌዎቹ መስኮት ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚሆኑ ያውቃሉ። ሁለተኛው ዕውቀት በመጽሐፍ አይገኝም፤ ደመወዝ ሊከፈልበት የሚገባውም እርሱ ነው።

እዚህ ላይ እጅግ የሚያስቆጣኝን ስሕተት ላንሣ። ብዙዎች፣ የተማሩትም ጭምር፣ ችግሩን የሚኖረው ሰው ምስክር እንጂ ዘጋቢ ሊሆን አይችልም ይላሉ፤ ስለዚህ ምስክሩን በምስጋናና በማኪያቶ ይሸኙታል፣ ዘጋቢውን በደመወዝ ይቀጥሩታል። ይህ ከፍርድ ቤት የተወሰደ አሳብ ለጋዜጣ አይስማማም። የፓርላማ ዘጋቢ ፓርላማውን ስለለመደ አድሏዊ ነው ተብሎ አይባረርም፤ የስፖርት ጋዜጠኛ ኳስ ተጫውቶ ስለማወቁ ይመሰገናል እንጂ አይጠረጠርም። ስለ ቤት ሲሆን ብቻ ያላወቀ ይሻላል መባሉ ከየት የመጣ ጥበብ ነው? የጣሊያን ሕግ እንኳ ከዚህ የተሻለ አስቧል። በ1963 የወጣው የጋዜጠኞች ሕግ ቁጥር 69 በሙያው መዝገብ ያልተጻፈ ሰው እንዳይሠራ ሲከለክል፣ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ1968 በሰጠው 11ኛ ውሳኔ ይህ ክልከላ በአገሩ የዲሞክራሲ ነጻነትን በተነፈገ ባዕድ ላይ ሊጸና አይገባም ብሏል። ያ ፍርድ ሲሰጥ ከዛሬዎቹ ስደተኞቻችን አብዛኞቹ አልተወለዱም ነበር።

በዚህ ከተማ ስሕተቱን በሥራ ያፈረሱት ሰዎች አሉ። ዳግማዊ ይመር በአዲስ አበባ ሕግ ሲያጠና ቆይቶ፣ ከ1997 ዓመተ ምሕረት ምርጫ በኋላ በነበረው ሁከት ከአገሩ ወጥቶ፣ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ አልፎ በ2006 ላምፔዱዛ ደረሰ። በሮማ አሲኒታስ በተባለው ማኅበር ትምህርት ቤት የጣሊያንኛ ቋንቋና የካሜራ ሙያ ተማረ፤ በ2008 ከአንድሬያ ሴግሬና ከሪካርዶ ቢያዴኔ ጋር ኮሜ ኡን ዎሞ ሱላ ቴራ የተባለውን ፊልም አወጣ። በዚያ ፊልም በሊቢያ እስር ቤቶች ያለፉ ኢትዮጵያውያን ሲናገሩ የሚጠይቃቸው በዚያው መንገድ የመጣ ሰው ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ከውጭ የመጣ ሰው በማያስበው ስፍራ ይገባል፣ ዝምታውንም መቼ መተው እንዳለበት ያውቃል። በሚቀጥለው ዓመት በካራ ኢታሊያ ፊልሙ ከሮማ ውጭ በካስቴልኑዎቮ ዲ ፖርቶ የነበረውን የጥገኝነት ጠያቂዎች ማደሪያ በሁለት ሶማሌ ወጣቶች ዓይን አሳየ። ዘካሪያ ሞሐመድ ዓሊ ደግሞ ከመቋዲሾ በጋዜጠኝነት ሥራ ላይ ሳለ ተሰድዶ የመጣ ነው፤ እርሱን ጋዜጠኛ ለማድረግ ጣሊያን ምንም አልደከመም፤ የጎደለው ሥራውን የሚቀጥልበት ገንዘብና የሚያምነው ሰው ብቻ ነበር።

ሁለቱም የተሰባሰቡበት የስደተኞች ትዝታ ቤተ መዛግብት የተባለው የሮማ ማኅበር ነው፤ በመሪነቱ የምናውቃቸው ስለ ምዕራብ ኢትዮጵያና ስለ ቤላ ሻንጉል ታሪክ የጻፉት ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ናቸው። የማኅበሩ ሥርዓት ስደተኛው ታሪኩን ለሌላ ሰው መጽሐፍ ጥሬ ዕቃ አድርጎ እንዳይሰጥ፣ ይልቁንም ቀራጩም ጠያቂውም ፊልሙን ቆራጩም ራሱ እንዲሆን ማብቃት ነው። በቪያ ማርሳላ 95 ቁጥር ያለው፣ ለቤት አልባዎች ቀን መዋያ የሆነው ቢናሪዮ 95 ደግሞ ሻከር የተባለ ጋዜጣ ያወጣል፤ የሚጽፉበትም ቤት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ከቪያ ማርሳላ እስከ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ በእግር ሩቅ አይደለም።

የገንዘቡ ነገር በአጭሩ። ለእንዲህ ያለው ዘጋቢ የሚሰጠው ገንዘብ ካሜራ መግዣ ብቻ ከሆነ ባክኗል፤ ካሜራ ዛሬ በየኪሱ አለ። የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። የእኛ ሴቶች ብዙዎቹ ባዳንቴ ናቸው፤ በአሠሪያቸው ቤት እያደሩ አረጋውያንን ይጦራሉ፤ ነጻ የሚወጡት እንደ ልማዱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው፤ ያን ጊዜም ቴርሚኒ አካባቢ ይገናኛሉ። ይህን የማያውቅ ዘጋቢ ማክሰኞ መጥቶ ሰው የለም ብሎ ይመለሳል። ደግሞም ጧሪዋ ሴት የምትኖረው በተጧሪው ቤት ስለሆነ፣ ተጧሪው ሲሞት ሥራዋና ቤቷ ባንድ ቀን ይሄዳሉ፤ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ሻንጣዋን ታስባለች። ይህ የቤት ዜና ነው፤ ፖሊስና ውሃ መድፍ ስለሌለበት ብቻ ነው ዜና የማይመስለው።

አሁን ደግሞ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ልቆጣ። ገንዘብ ሰጪው የመጀመሪያው ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ተስፋ የሚሰጥ ታሪክ፣ የደስ ደስ ያላት እናትና አራት ቅጂ ሒሳብ አምጡ ይላል። ተስፋ ካለ ጸሐፊው ይጽፈዋል፤ በትእዛዝ የሚመጣ ተስፋ ግን ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛው ካሜራውን ይዞ በሩን የሚያንኳኳው ጎብኚ ነው፤ የሚተኙበትን ፍራሽ ያነሣል፣ የልጁን ፊት ያነሣል፣ ያ ልጅ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ምን እንደሚባል አይጠይቅም። ሦስተኛው እኛው ነን፤ የሀገራችን ሰው ሲጽፍ «ለወገኑ ነው፣ በነጻ ይሥራ» እንላለን። ወገኑ ኪራይ አይከፍልለትም።

በዚህ ሙያ ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ጥያቄ እንዳለ አልደብቅም። በያዙት ሕንጻ ውስጥ የሚኖር ዘጋቢ የሕንጻውን ኮሚቴ የሚያስቀይም ነገር ቢያገኝ፣ ለምሳሌ ክፍል በገንዘብ ይሸጣል የሚል ወሬ ቢሰማ፣ ጽፎ የት ያድራል? ከውጭ የመጣው ጸሐፊ ጽፎ ወደ ሆቴሉ ይሄዳል፤ እርሱ ግን ጽፎ ወደ ጎረቤቱ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ የሚሰጠው ገንዘብ የብዕር ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ቢያስፈልግ ለወራት ሌላ ማደሪያ የሚከራይበት፣ ጽሑፉን የሚመረምርና ስሙን የሚያስቀድም ጠንካራ አዘጋጅ የሚቀጠርበትም ሊሆን ይገባል። ይህን ሳያስቡ ከውስጥ የወጣ ድምፅ እንፈልጋለን ማለት ሰውን ከነቤቱ መስዋዕት ማድረግ ነው።

የገንዘብ ሳጥን የሚጠብቅ ሰው በሮማ ከምን ይጀመር ብሎ ቢጠይቀኝ፣ የምመልስለት ይህ ነው። የ2022ቱ መመሪያ ከንቲባው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በየወረዳው መስኮት ምን እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ስንቱ አመለከተ፣ ስንቱ ተጻፈ፣ ስንቱስ በምን ምክንያት ተመለሰ። በ2009 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ በፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ያደሩት ዛሬ በየትኛው መዝገብ ተጽፈው እንዳሉ፣ የዜግነት ዓመታቸውም ከየት እንደሚቆጠር ይጣራ። ለዚህም ትግርኛና አማርኛ የሚችል፣ የመስኮቶቹን ጸሐፊዎች በፊታቸው የሚለይ ሰው ይቀጠር፤ ደመወዙም እንደ ማንኛውም የከተማ ዘጋቢ በወር በወሩ ይከፈለው፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላም ሌላ ሥራ አይሰጠው።